የቀዳዳው ባለቤት ማን ነው?

በወልድያና በመርሳ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በር የሚሠራ ባለሙያ ቀዳዳን ለብቻው አይለካም። ማጠፊያውን በበሩ ብረት ላይ አሳርፎ ሁለቱን በሞርሳ ያጣብቃል፤ ቦታውን በቡሊኖ ይመታና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በትራፓኖ ይበሳቸዋል። የመሣሪያዎቹ ስሞች ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ብልሃቱ ግን ከስሞቹ እጅግ ይቀድማል። በዚህ ዐይነት የተበሱ ሁለት ብረቶች እርስ በርሳቸው አይሳሳቱም። ጉዳቱ የሚታየው ማጠፊያው ተሰብሮ ሌላ በተፈለገ ጊዜ ነው፤ አዲሱ ማጠፊያ የአሮጌውን በር ቀዳዳ አያውቀውም።

የባቡር ሐዲድ እንዲህ ያለውን አሠራር ሊታገሥ አልቻለም። ዊልያም ብሪጅስ አዳምስና ሮበርት ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1847 በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያገኙበት የሐዲድ ማያያዣ ሰሌዳ የሚያገለግለው፣ የሐዲዱ ጫፍና ሰሌዳው በተለያየ ቦታ ተበስተውም ቢሆን ቡሎኑን የሚያሳልፉ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው 784 ኪሎ ሜትር መንገድም በዚሁ ሕግ የሚገዛ ነበር፤ ሐዲዱ አንድ ዐይነት እስከሆነ ድረስ፣ ለድሬዳዋ የመጣው ሰሌዳ አዋሽ ላይም ይገባል። ቀዳዳው ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ ወደ ልክ ሰንጠረዥ ገባ ማለት ነው።

ሰንጠረዥ የማያውቀው ዕቃ ሲመጣስ? የአክሱም ሐውልት ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት በሦስት ተከፍሎ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ተተከለ። ክፍሎቹን ለማያያዝ የተመረጠው ብረት ሳይሆን አራሚድ ከሚባል ሰው ሠራሽ ጭረት የተሠራ ዘንግ ነበር። ዘንጉ እንዲያልፍ በታችኛውና በላይኛው ድንጋይ የተበሱት ቀዳዳዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። ከ50 ቶን በላይ የሚመዝን ድንጋይ ደግሞ በሞርሳ ተይዞ ከወንድሙ ጋር አይበሳም፤ ጥንታዊ ቅርስም ስለሆነ ለስሕተት ሁለተኛ ዕድል የለውም። መለካቱና ማሰቡ ሁሉ ከመብሳቱ በፊት ማለቅ ነበረበት።

የኮምፒውተር ንድፍ የተጋፈጠው ይህንኑ ጥያቄ ነው። በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ቀዳዳ ማለት ክብ መስመር ብቻ ነበር፤ ነዳፊው በማጠፊያውም በበሩም ላይ ለየብቻ ይሥለዋል፤ አንዱን አንቀሳቅሶ ሌላውን ከረሳ የሚያስታውሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የቀረበው ፕሮ ኢንጂነር፣ በኋላም በ1995 የወጣው ሶሊድወርክስ፣ ልኮችን በዝምድና አሰሩ። ከዚህ በኋላ መደበኛ ቡሎን የሚሻ ቀዳዳ ቀላል ሆነ፤ ነዳፊው «8 ሚሊ ሜትር» ብሎ ሲያዝ ፕሮግራሙ ስፋቱንና የራሱን ማረፊያ ከሰንጠረዡ ያወጣል።

በወልድያ የተቀጠቀጠ ማጠፊያ ግን በየትኛውም ሰንጠረዥ አይገኝም። ለእንዲህ ያለው ዕቃ የተገኘው መላ፣ ማጠፊያው የራሱን መብሻ ይዞ እንዲዞር ማድረግ ነው፦ በማጠፊያው ፋይል ውስጥ ከብረቱ ሌላ የቀዳዳዎቹን መልክ የያዘ ሁለተኛ አካል ይነደፋል፤ ማጠፊያው በበሩ ላይ ሲቀመጥ ያ አካል ከበሩ ብረት ላይ ይቀነሳል። ማጠፊያው ሲንቀሳቀስ ቀዳዳውም ይከተላል። በእርግጥ ይህ የበር ሠሪው ሞርሳ እንጂ አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ብዙ ጊዜም ልብ አይባልም። አንዳንድ ፕሮግራሞች ቀዳዳውን የሚመዘግቡት በተገጣጠመው ንድፍ ላይ ብቻ እንጂ በበሩ የግል ፋይል ውስጥ አይደለም። ነዳፊው ቀዳዳው ወደ ክፍሉ እንዲተላለፍ ካላዘዘ፣ በማያ ገጹ ላይ ሁሉም ነገር ገጥሞ እየታየ፣ ወደ መቁረጫው የሚላከው የበሩ ንድፍ ቀዳዳ የለውም። ላሜራው ድፍን ሆኖ ሥራ ቤት ይደርሳል፤ ባለሙያውም ማጠፊያውን አሳርፎ ትራፓኖውን ያነሣል።