ኢብን በጡጣ የተሳሳተበትና ያልተሳሳተበት፦ የሉል ጠላቂዎች ታሪክ



ሱረቱ ሷድን የቀራ ሰው ለነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ከተገሩት ሸይጧኖች መካከል ጠላቂዎች እንደነበሩ ያውቃል። ለዐረቦች ጠላቂ እንግዳ አልነበረም። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ሰዎች ሉል ፍለጋ ትንፋሻቸውን ይዘው ሲወርዱ ኖረዋል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን በጡጣ (ረሒመሁላህ) ስለነዚህ ሰዎች ጽፏል። ጠላቂው ፊቱን ከኤሊ ልባስ በተሠራ ነገር ይሸፍናል፣ አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፣ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ይወርዳል። እስከዚህ መልካም ነው። ቀጥሎ ግን ከመካከላቸው ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓትና ሁለት ሰዓት የሚቆዩ እንዳሉ ይናገራል። ይህን አንቀበልም። ወሬን መመርመር ከሐዲስ ሊቃውንቶቻችን የተማርነው ነው፤ ኢብን በጡጣም ከዚህ ነፃ አይሆንም።

እስቲ አካላችንን እንጠይቀው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። 20 ሜትር ላይ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ተጨምቆ ሲሶው ያህል ቦታ ብቻ ይይዛል፤ የጆሮ ታምቡርም ሊጎዳ ይችላል። አላህ ግን ለዚህ የሚሆን ዝግጅት በውስጣችን አስቀምጧል። ትንፋሽ ሲያዝና ፊት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው የልብ ምት ይቀንሳል፣ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደሙ በይበልጥ ለልብና ለአንጎል ይቆጠባል። ጣፊያም ተኮማትራ ያጠራቀመችውን ቀይ የደም ሕዋስ ትለቃለች። ይህ ሁሉ ተደምሮ የባሕረ ሰላጤው ጠላቂ የሚያገኘው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሴል በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ይህንኑ ያጎላዋል። ተመራማሪዎች ኢንዶኔዥያ፣ ሱላዌሲ ደሴት ድረስ ሄደው ባጃው የሚባሉትን በአብዛኛው ሙስሊም የሆኑ የባሕር ሰዎች በአልትራሳውንድ መረመሩ። ጣፊያቸው የብስ ላይ ከሚኖሩት ጎረቤቶቻቸው በ50 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። የሚገርመው፣ ከባጃዎቹ ጠልቀው የማያውቁትም ጣፊያቸው ትልቅ ነው፤ ነገሩ ከትውልድ ትውልድ በዘር የሚተላለፍ ነው ማለት ነው። ሱብሐነላህ! እነሱም ቢሆኑ ታዲያ ትንፋሻቸውን የሚቆጥሩት በደቂቃ እንጂ በሰዓት አይደለም።

ሰዉ በዚህ የሰዓት ወሬ ሲደነቅ፣ ኢብን በጡጣ እዚያው የጻፈውን ሌላ ነገር ያልፈዋል። ከሉሉ አንድ አምስተኛውን ሱልጣኑ ይወስዳል፣ የቀረውን ነጋዴዎቹ ይገዙታል፤ አብዛኞቹ ጠላቂዎች ግን የነጋዴዎቹ ባለዕዳ ስለሆኑ ሉሉ በዕዳቸው ይያዛል። እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

ከ500 ዓመት በኋላም ነገሩ ያው ነበር። ጠላቂው በበጋ ለአራት ወር ያህል ሲወጣ ለቤተሰቡ ቀለብ ይበደራል። እግሩን ድንጋይ ላይ አድርጎ ይወርዳል፣ ጀልባ ላይ ያለው ባልደረባው በገመድ ይጎትተዋል፤ ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል። ወቅቱ ሲያልቅ ድርሻው ብድሩን አይሸፍንም፤ ለከርሞ እንደገና ይበደራል። ሲሞት ዕዳው ለልጁ የሚተርፍበት ጊዜ ነበር። ከጠላቂዎቹ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱም ነበሩ፤ የድካማቸውን ዋጋ የሚቀበለው ጌታቸው ነው። በባሕረ ሰላጤው ከነበሩት ባሮች ውስጥ ከሐበሻ ምድር የተሸጡ ልጆችም አሉበት። ሱረቱል በቀራ የተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ እንዲሰጠው እያዘዘች ይህን ያደረጉት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው፤ ልንደብቀው አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባሕሬን ውስጥ ለእያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ የሂሳብ ደብተር እንዲኖረው ተደነገገ። ብዙም ሳይቆይ የጃፓን እርባታ ሉልና የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ገበያውን ሰበሩት። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሕሬን ላይ ነዳጅ ሲገኝ ብዙ ጠላቂዎች ባሕሩን ትተው ወደዚያ ሄዱ፤ እዚያ ሥራው በደሞዝ ነበር።