ቁምሳጥን ያልነበረው ቤት

በ1952 ዓ.ም. አንድ እንግዳ ጓዝ ኢትዮጵያን አቋርጦ አልፏል። ዋሊ ባያም የተባለው አሜሪካዊ፣ «ኤርስትሪም» የሚባሉት የአሉሚኒየም ተጎታች ቤቶች ፋብሪካ ባለቤት፣ ደንበኞቹን ከነቤታቸው አሰልፎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ይጓዝ ነበር። ቤቶቹ 41 ነበሩ። አልጋው፣ ምድጃውና ቁምሳጥኑ ሁሉ በመኪና የሚጎተት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ይህን ቤት ጎብኝተዋል።

በእንዲህ ያለ ቤት የኖሩ ሰዎች የሚያነሱት ችግር ከቦታ ማነስ ይልቅ የመድረስ ነው። ቁምሳጥኑ ከአልጋው ጀርባ ይሆንና ሸሚዝ ለማውጣት አልጋ ማንሳት ግድ ይላል። የቆሸሸው ልብስ ማደሪያ ጥግ የለውም። የታጠበውም የሚሰጣበት የለም። ነገሩ የቅንጦት ሊመስለን ይችላል። ሆኖም ቤቱን ተሸክሞ በመዞር እኛን የሚቀድም ሕዝብ ብዙ አይገኝም፤ «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ መጀመሪያ የሠራዊት ሰፈር ማለት ነበር። ደሴም የተወለደችው ከሰፈር ነው። አፄ ዮሐንስ በ1875 ዓ.ም. እዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ስሟን እንዳወጡላት ይነገራል። ከዚያ በፊት በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ሲደረግ ንጉሠ ነገሥቱም፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም፣ የወሎ መኳንንትም ከነሠራዊታቸው በድንኳን ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ነጠላውን የት ያኖር ነበር?

መልሱ ከሰፈሩ ሥርዓት ይጀምራል። የንጉሡ ድንኳን መካከል ላይ ይተከላል፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራል። የማዕረግ ስሞቻችን የቦታ ስሞች መሆናቸውን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ሥርዓቱ ለጦር እንደ ተበጀ ይጻፋል፤ እውነት ነው። ግን ለዕቃ ፍለጋም ያው ሥርዓት ነበር። ሰፈሩ በየቀኑ ቢነሣም ቅርጹ ስለማይለወጥ፣ አመሻሽ ላይ የደረሰ አሽከር የጌታውን ድንኳን፣ ወጥ ቤቱንና ግምጃ ቤቱን ሳይጠይቅ ያገኛል። ካባውና ለምዱ በግምጃ ቤቱ ሹም እጅ ነው። የወታደሩ ግን ስልቻ ነው፤ ቤት ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ላይ በተሰካው የበሬ ቀንድ ይሰቅለው ነበር።

ከዚያ ደግሞ የጫኙ ሙያ አለ። የአጋሰስ ጭነት ግራና ቀኙ እኩል ካልመዘነ ከብቱ ይገጠባል። ስለዚህ ጫኙ ዕቃውን በክብደት ያመዛዝናል፤ በዚያ ላይ ግን ማታ መጀመሪያ የሚፈለገውን ጧት መጨረሻ መጫን አለበት። ጋቢው ከእህሉ አቁማዳ ሥር ከዋለ፣ ዝናብ የመጣ ዕለት ጌታም አሽከርም ይራሳሉ። የዛሬው ተጎታች ቤት ባለቤት በመሳቢያና በመደርደሪያ የሚታገለው ከዚሁ ችግር ጋር ነው።

የማይረሳው ግን ሌላ ነው። ብዙው ዕቃ በበቅሎ አልሄደም፤ በሰው ጀርባ ሄዷል። ሚስቶች፣ ገረዶችና ባሪያዎች ገንቦውን፣ ምጣዱንና ዱቄቱን አዝለው ከሠራዊቱ ኋላ ይሄዱ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. ከደሴ ወደ ሸዋ ሲዘምቱ፣ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ስለተደረገው ጦርነት የመኳንንቱ ስም በዝርዝር ተጽፎልናል። ምጣዱን ያዘለችውን ሴት ስም የጻፈ ግን የለም። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ጠመንጃ መቁጠር ይወዳሉ፤ ስልቻ ቢቆጥሩ ደግሞ ስለ ዘመቻ ብዙ በተማርን ነበር።

አጠባው የወንዝ ዳር ሥራ ነው። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ አረፋ ይወጣዋል፤ ልብሱ ድንጋይ ላይ በእግር ይረገጣል፣ ሣር ላይ ይሰጣል። ሳሙና ገበያውን ከመያዙ በፊት ነጠላን ነጭ አድርጎ ያቆየው እንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎችን እንደሚገድል ደረሱበት። ሴቶቹ አረፋውን ሲያዩት የኖሩት ነው።

ወደ ደሴ እንመለስና፣ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለጦርነቱ ወደዚያ ሲወጡ የውጭ አገር ጋዜጠኞችም በጭነት መኪናና በድንኳን ተከትለዋል። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ከገቡት አንዱ፣ የ22 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዊልያም ዲድስ፣ ይዞት የመጣው ጓዝ ሩብ ቶን ያህል ነበር። ምስጥ እንዳይገባበት ውስጡ በዚንክ የተለበጠ የዝግባ ሣጥንም ነበረበት! ባልደረባው ኤቭሊን ዎ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ልቦለድ እንዲህ ያለውን ጓዝ መሳቂያ አድርጎታል። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ግን የሳቀ አልነበረም።

ጣሊያን መንገዱን ከሠራ በኋላ ተንቀሳቃሹ ቤት የጭነት መኪና ሆነ። የአዋሽና የሚሌ መንገድ ከመከፈቱ በፊት ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ጭነት በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ላይ ይደርስ ነበር። «ኤንትሬ» የምንለው ፊያት ጋቢናው የሾፌሩ መኝታም ልብስ ማስቀመጫም ነው፤ የረዳቱ ቤት ደግሞ ከሸራው ሥር፣ ጭነቱ ላይ ነው። አስቡት፤ አሰብ ላይ ሸሚዝ ራሱ ይከብዳል። ኮምቦልቻ ሲደረስ አየሩ ይለዝባል። ከዚያ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራልና የጦሳ ጉም ይጠብቃል። ስለዚህ የሾፌር ዕቃ አቀማመጥ የከፍታ ጉዳይ ነበር፦ ጋቢው ከወንበሩ ጀርባ፣ ከላይ፣ በእጅ የሚደረስ መሆን አለበት። እላዩ ላይ ጎማ ከተጫነበት ሐረጎ አናት ላይ ይፈረድበታል።

አጠባውም በዚሁ ሒሳብ ነው። በክረምት ደሴ ላይ የታጠበ ጋቢ ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶ እርጥቡን ይመለሳል፤ ኮምቦልቻ ግን ፀሐይ አላት፣ ቦርከናም አለ። በዘይትና በላብ የጠቆረው ልብስ በሳፋ ተዘፍዝፎ፣ በገመድ ተሰጥቶ፣ መኪናው ሳይነሣ የሚደርሰው እዚያ ነው። ያጠበችው ሴት ከሰገሌዋ ባለ ምጣድ የምትለየው ሒሳብ በመቀበሏ ነው፤ ይኸም ቀላል ለውጥ አይደለም።

ኮምቦልቻ በ1970ዎቹ አንሶላና ፎጣ የሚያመርት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለባት። ቆዳ ፋብሪካም፣ ቢራ ፋብሪካም አላት። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች አድርጎ ቦርከና እንደሚገባ ውኃውን የመረመሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ከከተማው በታች፣ በሐርቡና በከሚሴ በኩል ያለችው አጣቢ የምትነክረው በዚሁ ውኃ ነው፤ የምትነክረው አንሶላም ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ሊሆን ይችላል።