የእንጦጦው ሸመታ፦ ገንዘብ ያጠረው ሰው ጠመንጃ ሲመርጥ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ለእኛ ለጉለሌ ሰዎች እንጦጦ ማለት ማለዳ የምንሮጥበት፣ ማርያምን የምንሳለምበት፣ እንግዳ ሲመጣ ከተማውን ቁልቁል የምናሳይበት ተራራ ነው። ከ130 ዓመት በፊት ግን ይሄው ራስጌያችን ያለው ተራራ ንጉሡ ከነጋዴ ጋር በጠመንጃ ዋጋ የሚከራከሩበት ቦታ ነበር። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ለቆቅና ለጅግራ አደን በፈቃድ የመጀመሪያ ጠመንጃውን ሊገዛ አስቦ «በትንሽ ገንዘብ የቱ ይሻላል?» ሲለኝ ትዝ ያለኝ ይሄው ክርክር ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። አገራችንም አንድ ጊዜ ጠይቃዋለች፤ ያኔ መልሱ የሞት ሽረት ነበር።

ከመቅደላ እንጀምር። የአፄ ቴዎድሮስ ብዙ ወታደሮች የያዙት ባለሁለት አፍ ጠመንጃ ነበር፤ ከአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎረስ፣ በካፕሱል የሚተኮስ። ለአደን የሚናቅ አይደለም። አፉ ልሙጥ ስለሆነ ድፍን እርሳስም ፍንጣሪም ይተፋል። ችግሩ ሁለቱን አፍ ከተኮስክ በኋላ ነው። ቆመህ ባሩድ ልትሰፍር፣ እርሳስ ልትጠቀጥቅ፣ ካፕሱል ልታለብስ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም እሮጌ ላይ ከወዲያ በኩል የመጣው እንግሊዝ ሰናድር ይዞ ነበር፤ ከኋላ የሚጎርስ፣ በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል የሚተኮስ። በዚያ አንድ ከሰዓት ከእኛ ወገን 700 ገደማ ሰው ሲያልቅ ከእነሱ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ጀግንነት አልጎደለም፤ የጎደለው ጥይት የማጉረሻ ጊዜ ነው።

ይሄን ትምህርት የሰሙ መሪዎች ናቸው በኋላ ገበያ የወጡት። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ሲያሸንፉ በሺህ የሚቆጠር ረሚንግተን ማረኩ። የሸዋው ምኒልክ ግን መግዛት ነበረባቸው። ገንዘቡ ደግሞ እንደ ልብ አልነበረም፤ የሚከፈለው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድና በጠገራ ብር ነው። ዝሆኑን ለመግደል ጠመንጃ ያስፈልጋል፣ ጠመንጃውን ለመግዛት የዝሆን ጥርስ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሒሳብ ነበር።

አሁን ወደ እንጦጦ እንውጣ። በ1879 ዓ.ም አጋማሽ (በፈረንጆቹ 1887 መጀመሪያ) አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ከታጁራ ተነስቶ አራት ወር ገደማ በግመል ተጉዞ አንኮበር ገባ። የፊልሙ ራምቦ አይደለም! ይሄኛው በልጅነቱ ግጥም ጽፎ ፓሪስን ያስደነቀ፣ ኋላ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ነጋዴ የሆነ፣ ሐረር ላይ በስሙ ቤት ያለው ሰው ነው። የጫነው ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ነው፤ ግን በካፕሱል የሚሠራው አሮጌው ዓይነት። እሱ ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ እነዚህ ጠመንጃዎች ከ40 ዓመት በፊት የተጣሉ መሆናቸውንና አውሮፓ ውስጥ ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ 7 ወይ 8 ፍራንክ እንደሚያወጡ፣ ለሸዋው ንጉሥ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጡ ያሰላል። አያችሁ? አምስት እጥፍ።

ምኒልክ አንኮበር አልነበሩም፤ ሐረርን ይዘው በመመለስ ላይ ነበሩ። ራምቦ እንጦጦ ወጥቶ ጠበቃቸው። ንጉሡ ሲገቡ መለከት እየተነፋ፣ ከሐረር የተማረከ የክሩፕ መድፍ እየተጎተተ ነው። የተሻለ መሣሪያ በእጁ ለያዘ ሰው ነው እንግዲህ ያን አሮጌ ጠመንጃ የሚሸጥለት። ምኒልክ ዋጋውን ቆርጠው ጣሉት፤ የሞተው ሸሪኩ ላባቱ አለበት የተባለውን ዕዳም ከላዩ ቀነሱ። ለቀረው ሐረር ካሉት ከራስ መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ጽፈው ሸኙት። ራምቦ በንግዱ መክሰሩን ሲያማርር ኖረ።

ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው «ንጉሡ ገጣሚውን አታለሉት» ብሎ ያወራዋል። እኔ ግን የማየው ጎበዝ ሸማች ነው። አሮጌ ዕቃን በአዲስ ዋጋ አልገዙም፤ ጨርሰውም አልጣሉትም። ለምን? የካፕሱል ጠመንጃ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቀለቡ ርካሽ ነው። ባሩዱ እዚሁ አገር ይወቀጣል፣ እርሳሱ እዚሁ ይቀልጣል፤ ከውጭ የሚመጣው ካፕሱሉ ብቻ ነው። ጦርና ጋሻ ብቻ ለያዘ ሰው በቂ ነው። ለዋናው ጦር የሚሆነውን ረሚንግተን ደግሞ ከሌላ በር አመጡ፦ በዚያው በ1887 ጥቅምት ከጣልያን ጋር ተዋውለው 5 ሺህ። ያ መንግሥት ኋላ አድዋ ላይ ምን እንደገጠመው ታውቃላችሁ።

የባላገሩም ምርጫ ከዚሁ ሒሳብ አልወጣም። ውጅግራን ውሰዱ። ስሙ ከወፏ ከጅግራ የመጣ አይደለም፤ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው። 1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ። ፈረንሳይ በ1886 ለበልን ስትይዝ ይሄን በገፍ አራገፈችውና በጅቡቲ በኩል ወደኛ ጎረፈ። ውጅግራ የተወደደው ግን ስለረከሰ ብቻ አይደለም። ቀለሁ ነሐስ ነው፣ ባሩዱ ጥቁር ባሩድ ነው። ተኩሰህ ቀለሁን ለቅመህ፣ እንደገና ሞልተህ ትተኩሳለህ። ጭስ አልባ ባሩድ የሚበላው አዲሱ ለበል ግን እቤት በተወቀጠ ባሩድ አይቀለብም። ጥይቱ ካለቀ ዱላ ነው። የውጅግራ ጥይት በየገበያው እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከ መሆን የደረሰውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላው ጎኑም ይነገር። አድዋ ላይ የነበረው መሣሪያ ዝንጉርጉር ነው፤ ረሚንግተን፣ ውጅግራ፣ በርዳን፣ ሰናድር፣ ቬተርሊ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጎረቤትህ ዝናሩ ሙሉ ሆኖ አንተ ባዶ እጅህን ልትቀር ትችላለህ። በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜም አርበኛው ከጠላት የማረከውን ጠመንጃ ሲይዝ አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነበር፤ ጥይቱን ጠላት ራሱ ተሸክሞ ያመጣለታል!

እንግዲህ ለወዳጄ ያልኩት ይሄን ነው። መጀመሪያ ፈቃድ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ቀጥሎ የጠመንጃውን ዋጋ ሳይሆን የጥይቱን ጠይቅ። ለአደን ጠመንጃ በዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው 12 ቁጥር ነው፤ ብርቅ ቁጥር ያለው ጠመንጃ በነፃ ቢሰጡህም ውድ ነው። ሦስተኛ፣ አፈሙዙ ያልተጎዳ፣ መጋጠሚያው ያልላላ፣ ሰደፉ ትከሻህ ላይ የሚቀመጥ ያገለገለ ባለሁለት አፍ፣ ከሚያብረቀርቅ ርካሽ አዲስ ይሻላል። ሲብረር ብቅ ላለ ቆቅ የሚጠቅምህ ትከሻህ ላይ ቶሎ የሚገጥም እንጂ የሚያምር አይደለም። አራተኛ፣ አትቸኩል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ምኒልክ ነጋዴው እንጦጦ ድረስ መጥቶ እየጠበቃቸው እንኳ አልቸኮሉም።

የጠመንጃ ዋጋ አንዴ ይከፈላል፤ ቀለቡ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ይሄን የገባው ሰው በትንሽ ገንዘብ ብዙ ይሠራል። ያልገባው ባለ ብዙ ብር ግን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብረት ገዝቶ ይመለሳል።

እናንተስ? አያቶቻችሁ የያዙት ምን ነበር፤ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ ወይስ ያ «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚሉት? ጥይቱን ከየት ያገኙት እንደነበር የሰማችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስፍሩልን። የጠመንጃው ስም በየፉከራው ይነሳል፤ ቀለሁን ማን ይሞላ እንደነበር ግን የሚነግሩን አዛውንቶች እያለቁብን ነው።