«መጣ?» «አልመጣም!» — የሚጓዘው ዲሽ ታሪክ

ይህን ትዕይንት የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዟል። ሌላው መስኮት ላይ ቆሟል። ሦስተኛው ሪሞቱን ጨብጦ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። «መጣ?» ይላል የጣሪያው። «መጣ ወይ?» ይላል የመስኮቱ። «አልመጣም!» ይላል የሶፋው። «አሁንስ?» «መጣ፣ መጣ… ኧረ ሄደ!» ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ እናት ከታች ሆና «ኧረ ልጄ ቀስ በል፣ እንዳትወድቅ!» ትላለች። በመጨረሻ ምስሉ ሲመጣ ኳሱ አልቋል።

እኛም ከመካከላችን በአንዱ ቤት እንዲህ ያለ እሑድ አሳለፍንና ከጣሪያው ጥያቄ ይዘን ወረድን። ለመሆኑ ይህ ሳህን ምን ፈልጎ ነው እንዲህ የሚያስቸግረው? ለምንስ አንድ ጣት ያህል ሲዛነፍ ሁሉም ነገር ድርግም ይላል?

መልሱን ፍለጋ ስንሄድ ራሳችንን ያገኘነው አሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ነው። እኛ በስንት ዓመት አንዴ የምንገጥመውን ትግል በየማደሪያቸው የሚገጥሙ ሰዎች እዚያ አሉ። አልጋቸው፣ ማድቤታቸውና መጸዳጃቸው መኪና ውስጥ የሆነ፣ በእነሱ አጠራር የአር.ቪ. ተጓዦች። ዛሬ አሪዞና፣ ነገ ዩታ፣ ከነገ ወዲያ ሞንታና። በደረሱበት ሁሉ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ያወርዳሉ፣ ሳህኑን ይተክላሉ፣ ከዚያም ባል ከውጭ ሚስት ከውስጥ «መጣ?» «አልመጣም!» ይባባላሉ። የእነሱን የብልሽት ዝርዝር ስናገላብጥ አንድ ነገር ገባን፦ አብዛኛው የዲሽ ብልሽት የልደት ዘመን አለው። አንድ ቀን አንድ ሰው የሆነ ነገር ወሰነ፣ መዘዙ ሳህኑ ላይ ቀረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

ቆሞ የሚዞረው

ነገሩ የሚጀምረው በ1945 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ አርተር ሲ. ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ «ዋየርለስ ወርልድ» በሚባል መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ነገር ምድርን የሚዞርበት ጊዜ ምድር በራሷ ላይ ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ከታች ሆኖ ለሚያየው የቆመ ይመስላል። ሐሳቡ ሥጋ ለብሶ የታየው በ1964 ሲንኮም 3 የተባለችው ሳተላይት ስትመጥቅ ነው። እሷም በዚያው ዓመት የቶኪዮ ኦሎምፒክን ምስል ወደ አሜሪካ አሻገረች። አዎ፣ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበትን ኦሎምፒክ።

ሳተላይቱ ከቆመ ሳህኑንም አንዴ አነጣጥሮ መተው ይቻላል። የዲሽ ሥራ በሙሉ የቆመው በዚህች ውል ላይ ነው፦ ሰማይ ላይ ያለው አይንቀሳቀስም፣ ምድር ላይ ያለውም ቤት አይንቀሳቀስም። የአር.ቪ. ሰው ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። ቤቱ ይንቀሳቀሳል! በ101 ዲግሪ ምዕራብ ላይ የቆመን ሳተላይት ለመያዝ ማያሚ ላይ ሳህኑ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሮ 52 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት አለበት። ያው ሰው መኪናውን ነድቶ ሲያትል ሲደርስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሮ ወደ 31 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። ሳተላይቷ ስንዝር አልሄደችም፤ የሄደው እሱ ነው።

ቼኩ የተመለሰበት ፕሮፌሰር

በ1975 ኤች.ቢ.ኦ. የተባለው ጣቢያ መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዚየር ማኒላ ላይ የተቧቀሱበትን ግጥሚያ በሳተላይት ለኬብል ኩባንያዎች አሰራጨ። በዓመቱ፣ በ1976፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቴይለር ሃዋርድ በካሊፎርኒያ ቤታቸው ግቢ ውስጥ የራሳቸውን ሳህን ሠርተው ይህንኑ ምልክት በቀጥታ ከሰማይ መቀበል ጀመሩ። ሰውየው ጨዋ ነበሩና ለሚያዩት ሊከፍሉ 100 ዶላር ቼክ ለኤች.ቢ.ኦ. ላኩ። ቼኩ ተመለሰላቸው። ኩባንያው የሚሠራው ከኬብል ድርጅቶች ጋር እንጂ ከግለሰብ ጋር አልነበረም።

በ1979 የአሜሪካ መንግሥት ለመቀበያ ሳህን ፈቃድ የማውጣት ግዴታን አነሳ፤ ሳህኖችም በገጠሩ እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ያኔ የነበሩት ግን 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ነበራቸው። በመኪና ጣሪያ ይዞ መዞር የማይታሰብ ነው።

ጨዋታው በጥር 1986 ተለወጠ። ኤች.ቢ.ኦ. ሥርጭቱን በኮድ ቆለፈ። በሚያዝያ ወር ራሱን «ካፒቴን ሚድናይት» ብሎ የሰየመ የፍሎሪዳ ዲሽ ሻጭ ከሚሠራበት የሳተላይት ማሰራጫ ጣቢያ የኤች.ቢ.ኦ.ን ምልክት በራሱ ምልክት ደፍጥጦ፣ ለአራት ደቂቃ ተኩል ያህል የወር ክፍያውን የሚቃወም ጽሑፍ በአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል ስክሪኖች ላይ ለጠፈ። ተይዞ 5,000 ዶላር ተቀጣ። ቁልፉ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ምልክት ማግኘትና ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ። ዛሬ ሳህኑ ፍጹም ሆኖ «ቻናሉ ተቆልፏል» የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ የልደት ቀኑ ይኸው ነው።

46 ሳንቲ ሜትር

ለተጓዡ እውነተኛው ልደት 1994 ነው። ዳይሬክቲቪ በ101 ዲግሪ ምዕራብ ካለችው ሳተላይቱ፣ ስፋቱ 46 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሳህን የሚያዝ ዲጂታል ሥርጭት ጀመረ። በ1996 ዲሽ ኔትወርክ በ119 ዲግሪ ተከተለ። ሳህኑን ያሳነሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የሳተላይቱ ጉልበት መጨመር፣ ወደ 12 ጊጋኸርዝ ከፍ ያለው ሞገድና ምስልን በዲጂታል አጭቆ መላክ። አሁን ሳህን በብብት ተይዞ ይኬዳል። ብልሽቶቹም አብረው ተሳፈሩ።

አንደኛው ዛፍ ነው። ይህ አጭር ሞገድ ቅጠልን አልፎ አይሄድም፣ በተለይ እርጥብ ቅጠልን። ተጓዡ ለመኪናው ጥላ ይፈልጋል፣ ሳህኑ ደግሞ ገላጣ ሰማይ። ጣሪያ ላይ ከተበየደ ሳህን ይልቅ ተነጥሎ የሚተከለውን ብዙዎች የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ መኪናው ጥላ ሥር፣ ሳህኑ ፀሐይ ላይ፣ በመካከል ረጅም ኬብል።

ሁለተኛው ውሃ ልክ ነው። ሳህኑ ላይ የተጻፉት ዲግሪዎች እውነት የሚናገሩት ምሰሶው ቀጥ ብሎ ከቆመ ብቻ ነው። ድንጋያማ መሬት ላይ የተንጋደደ ማቆሚያ ሁሉንም ቁጥር ውሸት ያደርገዋል። ልምድ ያለው ሰው ሳህኑን ከመንካቱ በፊት እንደ ግንበኛ ውሃ ልኩን ያስቀምጣል። ኮምፓሱንም ከመኪናው ብረት ርቆ ያየዋል፤ ምክንያቱም ብረት መርፌውን ይስባል። ደግሞም የኮምፓስ ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን አንድ አይደሉም፤ በሜይን ግዛት ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ምሥራቅ ይለያያሉ።

ሦስተኛው እኛም አሳምረን የምናውቀው ነው፦ «ስትሬንግዙ» ሞልቷል፣ «ኳሊቲው» ዜሮ ነው! ሳህኑ ሌላ ሳተላይት ይዟል፣ ወይም ምንም አልያዘም። የአሜሪካኖቹ ሳተላይቶች በ101፣ በ110 እና በ119 ዲግሪ፣ ማለትም በ9 ዲግሪ ልዩነት የተደረደሩ ናቸው። የሚጮኸው መለኪያ የትኛውንም ሲያገኝ ይጮኻል፤ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚለየው ሪሲቨሩ ነው።

አራተኛው ኬብል ነው። ኬብሉ ምስል ብቻ አያመጣም፤ ኤሌክትሪክም ይወስዳል። ሪሲቨሩ 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ላይ ይልካል፤ በዚህም ኤል.ኤን.ቢው የትኛውን ግማሽ ቻናሎች እንደሚያወርድ ያዘዋል። የዛገ ኮኔክተር ወይም በመኪናው ግድግዳ ውስጥ የተረሳ የድሮ አንቴና ማከፋፈያ ቮልቱን ሲበላው ግማሹ ቻናል ይኖራል፣ ግማሹ ይጠፋል። ያኔ ሳህን ማዞር ከንቱ ልፋት ነው።

የጣሪያችንም ጥያቄ እዚህ ተመለሰ። 90 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሳህናችን በግራም በቀኝም አንድ ዲግሪ ቢስት የሚያገኘው ምልክት በግማሽ ይወርዳል። አንድ ዲግሪ ማለት ደግሞ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ሲለካ 0.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከአንድ ጣት ያነሰ!

አድራሻ የሌለው ሰው

አምስተኛው ብልሽት በመፍቻ አይጠገንም። የአሜሪካ ሕግ የየከተማውን ጣቢያ ገበያ ለመጠበቅ ሲል፣ ከ1988 ጀምሮ የሩቅ ከተማን የታላላቅ ኔትወርኮች ጣቢያ በሳተላይት ማየት የሚችለው በአንቴና የማይደርሰው ቤት ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በ1999 የወጣው ሕግ ሳተላይቶች የየአካባቢውን ጣቢያ ለዚያው አካባቢ እንዲያደርሱ ፈቀደ። ኩባንያዎቹም ለዚህ ሲሉ አንድ አካባቢን ብቻ የሚሸፍን ጠባብ ጨረር ተጠቀሙ።

እንግዲህ አስቡት። ጡረታ የወጣ የኦሃዮ ሰው አሪዞና ደርሶ ሳህኑን ይተክላል። መቶ ቻናል ይመጣል፤ የከተማው ዜና ግን የለም። ሳህኑን ያዞራል፣ ኬብሉን ይቀይራል፣ ከሚስቱ ጋር ይጣላል። ሳህኑ ጤነኛ ነው። የተበላሸው ሕጉ ሲጻፍ የታሰበው ነገር ነው፦ ተመልካች ሁሉ ቋሚ አድራሻ አለው የሚለው። ለአር.ቪ. እና ለጭነት መኪና ሰዎች ያው የ1999 ሕግ በር ከፍቶላቸዋል፤ መግለጫ ፈርመው፣ የመኪናውን ሊብሬ ኮፒ አያይዘው የሩቁን ጣቢያ ማየት ይችላሉ። በ2019 ሕጉ ሲታደስ የሩቅ ጣቢያ ፈቃድ ለሌላው ሕዝብ ሲጠብ፣ ከተረፉት ጥቂቶች መካከል እነሱ ነበሩ። ቴሌቪዥን ለማየት ሊብሬ!

በ2022 ደግሞ ስታርሊንክ ለአር.ቪ. ተጓዦች ኢንተርኔት ማቅረብ ጀመረ። የእሱ ሳተላይቶች 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚሮጡ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሳህኑም እየተከተለ የሚይዛቸው በኤሌክትሮኒክስ ነው። የክላርክ ውል ፈረሰ፣ ማነጣጠር ቀረ። ዛፉ ግን አሁንም ዛፍ ነው!

ወደ ጣሪያችን ስንመለስ

የአሜሪካዊውን ታሪክ ይዘን ወደ ቆርቆሯችን ስንመለስ ነገሩ ተገልብጦ አገኘነው። እዚያ ሰማዩ ይቆማል፣ ሰው ይሄዳል። እኛ ደግሞ ቆመናል፣ የሚሄደው ሰማዩ ነው። ለዓመታት የአዲስ አበባ ሳህን ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ወዳለው ናይልሳት አዙሮ፣ 37 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ኖረ። በ2020 ገደማ የአገራችን ቻናሎች ኢትዮሳት ተብለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለችው ሳተላይት ሲሰባሰቡ ሳህኑ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ 66 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ማየት ነበረበት። ለፎቅ ከተማ ጥሩ ዜና ነው። በ37 ዲግሪ፣ አሥር ሜትር ርቆ የሚሠራ ፎቅ ከሳህኑ 8 ሜትር ከፍ ካለ ይጋርደዋል፤ በ66 ዲግሪ ግን ከ22 ሜትር በላይ መሆን አለበት። ነገር ግን የእያንዳንዱን ቤት ሳህን ያዞረው ማነው? መሰላል የያዘ የሰፈር ልጅ ነው፤ የከፈለው ባለቤቱ ነው። ሰው የሌላቸው አሮጊት «ቴሌቪዥኔ ተበላሸ» ብለው ተቀመጡ። ቴሌቪዥናቸው ግን ጤነኛ ነበር።

የባሰም አይተናል። በጥቅምት 2016 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መመሪያ ኢሳትንና ኦ.ኤም.ኤን.ን ማየት ሲከለከል፣ ሳህን ወዴት እንደዞረ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ያኔ «መጣ?» ብሎ ከጣሪያ ላይ መጮህ ቀርቶ ድምፅ መቀነስ ነበር የሚያሻው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው እሑድ ምስሉ ድርግም ሲል ወደ ጣሪያ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ማነው የተንቀሳቀሰው? ሳህኑ ከሆነ ውሃ ልክና መፍቻ አንሡ። ኬብሉ ከሆነ ኮኔክተሩን እዩ። ሁለቱም ካልሆኑ ግን የሄደው ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሰው ሊሆን ይችላልና ሳህኑን በከንቱ አትደብድቡት። ወደ ጎረቤት ጮክ ብላችሁ «እናንተ ጋስ መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚያም ካልመጣ፣ ጉዳዩ የእናንተ ጣሪያ ብቻ አይደለም።