ድዴ ደማ፤ ውዱኤ ፈረሰ ወይ?



እዚህ ኩርሙክ ከፈጅር ሶላት በፊት ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፦ «ሲዋክ ሳደርግ ድዴ ደማ፤ ውዱኤ ፈረሰ ወይ?» በማሊኪና በሻፊዒይ መዝሀብ አይፈርስም። በሐነፊዮች ዘንድ ግን ደሙ ከምራቁ ከበለጠ ወይም ከተስተካከለ ይፈርሳል። ጠያቂው ይህን ሰምቶ ወደ ሰፉ ይገባል። ድዱ ለምን እንደሚደማ እሱም አይጠይቅ፣ እኛም አንነግረው ነበር።

ጥርስን በእንጨት መፋቅ በሀገራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያውቀው ልማድ ነው። ለእኛ ግን ሱና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለኡመታቸው ማስቸገር ባይሆንባቸው ኖሮ በየሶላቱ ያዙበት እንደነበር ተዘግቧል። በሞት አልጋቸው ላይ ሳሉ እንኳን ዐይናቸው ሲዋክ ላይ ሲያርፍ፣ እናታችን ዐኢሻ (ረ.ዐ) አኝካ አለስልሳ ሰጥታቸዋለች። ይህን የትኛውም ደረሳ ያውቀዋል።

ደረሳው የማያውቀው አል-ዘህራዊን ነው። ከኮርዶባ አጠገብ የተወለደው ይህ ሙስሊም ሐኪም እ.ኤ.አ በ1013 አካባቢ ነው የሞተው። 30 ክፍል ባለው የሕክምና ድርሳኑ የመጨረሻ ክፍል ላይ፣ በጥርስ ሥር ተጋግሮ ድድን የሚያበላሽ ቆሻሻ እንዳለ ጽፎ፣ የሚፋቅበትን ብረት ዓይነት በዓይነት በሥዕል አሳይቷል። በአንድ ቀን ካልለቀቀ በማግስቱም በሠልስቱም እንዲደገም ያዛል። ሲዋክን የሚያውቅ ሙስሊም ነው ብረት ያነሳው! ልስልሱን ቆሻሻ እንጨት ያነሳዋል፤ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ በኋላ ግን አይችለውም።

የጠጠረው ቆሻሻ ተህዋስያንን ያቅፋል። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፤ ውሎ ሲያድር ከጥርሱ ይላቀቅና ሥሩን የያዘው አጥንት ይበላል። ጉዳቱም አፍ ውስጥ አይቀርም። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመው ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ድዱ ሲታከም የስኳሩ መጠን በመጠኑ እንደሚወርድ ጥናቶች አሳይተዋል። ከልብ ሕመም ጋርም አብሮ ይገኛል፤ መንስኤው እሱ ነው ለማለት ግን ማስረጃው ገና አልሞላም። ቸኩሎ መፍረድ ምን እንደሚያስከትል ታይቷል፦ እ.ኤ.አ በ1910 ዊልያም ሀንተር የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም ብዙ በሽታ ከአፍ እንደሚነሳ ከተናገረ በኋላ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ለዓመታት ጤነኛ ጥርስ ሳይቀር በጅምላ ሲነቀል ኖሯል።

አሁን ጥያቄው ሲመጣ ብይኑን ነግረን አንለያይም። ስንት ጊዜ እንደቆየ እንጠይቃለን። ሳምንትና ሁለት ሳምንት አልፎት ከሆነ አሶሳ ሄዶ ጥርስ ሐኪም እንዲያየው፣ በዚያውም ስኳሩን እንዲለካ እንነግረዋለን። የሲዋኩ ጫፍ ሲበጣጠስ ይቆረጥ፤ የፊት ጥርስ ብቻ ሳይሆን ከኋላም፣ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ በቀስታ ይታሽ። ደማብኝ ብሎ ሲዋኩን እርግፍ አድርጎ የሚተው አለ፤ የሱ ድድ ከቀድሞው ይብስበታል።