ጉልቻው ሲለወጥ

ባለፈው ሰሞን የማኅበራችን አባላት በርበሬ ለመቀንጠስ በተሰበሰብንበት ቀን አንድ ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት እናታችን እጃቸውን ቁርጥማት ይዟቸው መቀንጠስ አልሆንላቸው አለ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና «ላልሠራሁበት ቀን ድርሻ አልወስድም» አሉ። ደንባችንም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ድርሻ የሚገባው ለሠራ እጅ ነው። ግን ከመካከላችን አንዷ «የቅመሙን ልክ ያስተማሩን እኚህ አይደሉም ወይ?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጠ አልነበረም። ያ ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። ለመመለስ የጓዳችንን ታሪክ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ብለን ማየት ግድ ሆነብን።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ተረታችን። ይህን የተረተው ሰው ጉልቻ ሥር ተንበርክኮ እሳት እፍ ብሎ የሚያውቅ አይመስለንም። በእኛና በእናቶቻችን ዕድሜ ጉልቻው ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ወጡን ባያጣፍጠውም የወጥ ሠሪዋን ኑሮ ለውጦታል።

ከወፍጮ እንጀምር። አያቶቻችን ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተው የድንጋይ ወፍጮ ላይ አጎንብሰው በመጅ ይፈጩ ነበር። ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ የፈጪዋ ወገብ ቀና ሳይል ይነጋል። በትልልቅ ቤቶች ይህ ሥራ የሚወድቀው በገረዶች ላይ ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በሕግ ፈጽሞ እስኪከለከል ድረስ ደግሞ ባሪያ ተብለው በተያዙ ሴቶች ላይ። ስለ ድሮ ማዕድ ሞልቶ መትረፍረፍ ስናወራ፣ ያን ዱቄት የፈጩትን እጆች መርሳት አይገባንም። የሞተር ወፍጮ መጀመሪያ በከተሞች፣ ኋላም በየገጠሩ ገበያ ሲገባ «የወፍጮ ቤት ዱቄት እንጀራው አይጥምም» ያሉ አማቶች አልጠፉም። ሆኖም ወደ ድንጋዩ የተመለሰች ምራት አናውቅም።

ማገዶም የራሱ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ ፈቃድ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሰዉ ሲበዛ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዪቱን ከማገዶ ችግር አወጣት ይባላል፤ እውነትም ነው። ግን ማገዶው ከእንጦጦ በራሱ እግር አልወረደም። ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው ተጣጥፎ ቁልቁል ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ዛሬም የሚያወርዱ አሉ። ከመካከላችን በልጅነታቸው በዚያ ሸክም ያደጉ፣ አሁን ጀርባቸውን የሚያማቸው ይገኛሉ።

ከእንጨቱ ቀጥሎ ላምባው መጣ፤ ከላምባው የኤሌክትሪክ ምጣዱ። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይስባል፤ ስለዚህ መብራት ሲደክም ወይም ሲጠፋ ሊጡ ቡሃቃ ውስጥ ይቀራል፤ እንጀራውም ይኮመጥጣል። ይህ ሁሉ ሆኖ ዓይናችንን ከጭስ አድኖታል። እናቶቻችን በስተርጅና ዓይናቸው እንባ እያቀረረ መርፌ ማስገባት ሲያቅታቸው «ዕድሜ ነው» እንል ነበር። ዕድሜ ብቻ አልነበረም።

ስለ በርበሬም አንድ ነገር እንበል። ያለ እሱ የአበሻ ወጥ አይታሰብም፤ ነገር ግን ዘሩ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው። ወደ እኛ አገር የደረሰው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ስለዚህ ዛሬ «የጥንት የጠዋቱ» የምንለው ቀይ ወጥ ራሱ አንድ ቀን ለአያት ቅድመ አያቶቻችን እንግዳ ነበር። አዲስ ነገር ሁሉ ባህል ያጠፋል ብለን ልጆቻችንን ከመቆጣታችን በፊት ይህን ማሰብ ደግ ነው።

ሞራልም እንደ ወጥ ይለወጣል። ምግብ ሸጦ መብላት በድሮ ዘመን ነውር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ሆቴል ሲከፍቱ መኳንንቱ በገንዘብ መብላት አፍረው እንዳልመጡ፣ ንጉሡ ራሳቸው ገፋፍተው እንዳስለመዷቸው ሲነገር ሰምተናል። ለሴትማ እንጀራ ጋግሮ ገበያ ማውጣት የባሰ ነበር፤ «ባሏ ማስተዳደር አቃተው» ያሰኛል። በደርግ ዘመን ባሎቻችንን በጦር ሜዳ ያጣን፣ በሥራ ቅነሳ ጊዜ ቤታችን የጎደለብን ሴቶች ያን ነውር ዋጥ አድርገን መሶብ ይዘን ወጣን። በመጀመሪያ ፊታችንን በነጠላ ሸፍነን ነበር። ዛሬ በስማችን ታሽጎ የሚሸጠውን ሽሮና በርበሬ ልጆቻችን በኩራት ለጎረቤት ያሳያሉ።

«ሙያ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ድሮ ሴት «ባለሙያ ናት» ከተባለ ወጥ አጣፋጭ ማለት ነው። ዶሮውን 12 ብልት አውጥታ፣ ሽንኩርቱን በዝግታ አቁላልታ፣ አብሲቱን በልኩ ጥላ ዓይነ ግቡ እንጀራ የምታወጣ። ዛሬ «ባለሙያ» ሲባል ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ነው። ቃሉ አንድ ነው። ልዩነቱ የኋለኛው ደመወዝና ጡረታ ያለው መሆኑ ነው።

ሕጉም የጓዳውን ሥራ እንደ ግዴታ እንጂ እንደ ሙያ አላየውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር። ባል ገረድ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያዝዝም ነበር። የሴት ልጅ ጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ነበር። ከመካከላችን ስንቶቻችን በዚያ ዕድሜ፣ አንዳንዶቻችንም ከዚያ በታች፣ ተድረን ምጣድ ፊት እንደቆምን እናውቀዋለን። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ የሴቶችን እኩልነት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩም ወሰነ። ሕጉ ጓዳ ድረስ ለመግባት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ቢሆንም ወንዶች ልጆቻችን ሽንኩርት ሲከትፉ አይተን እልል ማለት ጀምረናል።

የጎደለብንም አለ፤ አንሸሽገውም። ልጅ ለታላቅ ውኃ ሲያስታጥብ፣ ማዕዱ እስኪነሣ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከፊቱ ብቻ ሲቆርስ ትሕትና ይማር ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቻችን በየሰሃናቸው፣ ዓይናቸውን ስልክ ላይ ተክለው ይበላሉ። ጉርሻው ቀንሷል። ግን እውነቱን እንናገር፤ ያ ሥነ ሥርዓት ባለበት ማዕድ እናት የምትበላው በመጨረሻ፣ ከተረፈ ነበር። ከሥነ ሥርዓቱ ትሕትናውን አስቀርተን ግፉን ብንጥል ምን ይቀርብናል?

እርጅናን በተመለከተ ነገሩ ጠንከር ይላል። «ልጅ ለእርጅና ምርኩዝ ነው» እያልን አደግን። ልጆቻችን ግን ኑሮው ወስዷቸዋል። ሴቶቹ ዓረብ አገር በሰው ጓዳ ያበስላሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ሻንጣቸውን ይዘው በራችንን ያንኳኩ ልጆች ነበሩን። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባን፤ ልጆቻችን በሰው አገር ደመወዝ የሚከፈላቸው እኛ ዕድሜ ልካችንን በነፃ ለሠራነው ሥራ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በግል ድርጅት የሚሠራውም በአዋጅ የጡረታ ባለመብት ሆኗል። ስትፈጭ፣ ስትጋግር፣ ስታስታምም የኖረች ሴት ግን ከማን ትጠይቅ?

ወደ እናታችን እንመለስ። በሚቀጥለው ስብሰባችን ጉዳዩን እንደገና አነሣነው፤ ደንቡንም አሻሻልን። እጃቸው የደከመ አባላት በቅመም ልክና በሊጥ ነገር አዲሶቹን ያስተምራሉ፤ ሽሮውና በርበሬው ከመታሸጉ በፊት ቀምሰው ይፈቅዳሉ። ለዚህም ከሌላው አባል እኩል ድርሻ ያገኛሉ። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን ደግሞ ከየወሩ ሽያጭ በሚቀመጥ ገንዘብ እንጠይቃቸዋለን። ገንዘቡ ገና ትንሽ ነው፤ ደጋፊዎቻችን ስትረዱን ከሚፈጨው በርበሬ ጋር ይህንንም እንድታስቡልን እንወዳለን።

ውሳኔውን ልንነግራቸው ሦስት ሆነን ቤታቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን። ነገሩን ጨርሰን ስንነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ምጽዋት ከሆነ ይቅርብኝ» አሉ። አይደለም አልናቸው፤ የድሮ ዕዳችን ነው። በማግስቱ በጠዋት መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በርበሬውን በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው «ኮረሪማ ያንሰዋል» አሉ። እውነትም አንሶት ነበር።

«ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ» ለሚሉ ወገኖች መልሳችን ይኸው ነው። እኛ በዝተናል፤ ጎመኑም ደህና ነው።