ከጌጥ ወደ አረም፦ የእምቦጭ ታሪክ ለደንቢያ ትምህርት ቤቶች

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. የኦስትሪያው ሊቅ ሐበርላንት ከአንዲት ሕዋስ ሙሉ ተክል ሊገኝ እንደሚችል አመለከተ። በ1962 ሙራሺጌና ስኩግ ለዚሁ የሚያገለግል የምግብ ቅምር አወጡ። ከዚያ ወዲህ የውሃ ጌጥ ተክሎች በቲሹ ካልቸር፣ ያለዘር፣ በጠርሙስ ውስጥ ሊራቡ ችለዋል።

ያለዘር የመባዛትን ኃይል ግን ተፈጥሮ ለእምቦጭ አስቀድማ ሰጥታዋለች። ይህ የአማዞን ተወላጅ ስለ አበባው ውበት ከአገር ወደ አገር ተወሰደ፤ በ1965 በቆቃ፣ በ2011 በጣና ታየ። ከኮላ ድባ በስተደቡብ ባለው የሐይቁ ዳርቻ ታንኳን አገደ፤ ግጦሽን ሸፈነ። ሲነቀል የቀረው ቁራጭም እንደገና ያቈጠቍጣል።

ስለዚህ ቲሹ ካልቸር ሲሰጥ የጣና ታሪክ አብሮ ሊሰጥ ይገባል፤ ተማሪው ማባዛትን ብቻ ሳይሆን፣ የሚባዛው ተክል ወዴት ሊደርስ እንደሚችል መጠየቅንም ይማር ዘንድ።